«የማናግረው ባለሙያ የት ላግኝ?» የግል ቴራፒስቶች ለምን ዌብሳይት ያስፈልጋቸዋል?



በኢንቦክስ ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች መካከል ሳይመጣ የማይሰነብት አንድ አለ። «ዶክተር፣ ጅማ ውስጥ ጥሩ ሳይኮሎጂስት ይጠቁሙኝ» የሚል ነው። ብዙ ጊዜ ከሥሩ «ለጓደኛዬ ነው» ተብሎ ይጨመራል። ለጓደኛም ይሁን ለራስ ችግር የለውም፤ ዋናው መጠየቁ ነው። የአንድ ባለሙያ ስልክ ስሰጥ ግን ወሬው በዚያ አያበቃም። ሌሎች ጥያቄዎች ይከተላሉ፦

«ክፍያው ስንት ነው?»
«ቢሮው የት ጋ ነው? ሰው ይበዛበታል?»
«ኦሮምኛ ይችላሉ?»
«መድኃኒት ያዛሉ ወይስ ማውራት ብቻ ነው?»
«የነገርኳቸውን ለሰው አይናገሩም አይደል?»

እነዚህን መመለስ ያለበት ባለሙያው ራሱ ነው። እሱን ለመጠየቅ ደግሞ መደወል ያስፈልጋል። ለተጨነቀ ሰው ግን ከሁሉም የሚከብደው እርምጃ ያ ስልክ ነው። ቁጥሩን ይዞ ሳምንት፣ ወር፣ ከዚያም በላይ ይቀመጣል። አንዳንዱ ጭራሽ ሳይደውል ይቀራል።

ዛሬ ስለዚህ ክፍተት ላውራችሁ። ጽሑፉ ለሁለት ወገን ነው፦ ባለሙያ ለምትፈልጉ አንባቢዎች፣ እንዲሁም የግል ቢሮ ከፍታችሁ በመሥራት ላይ ላላችሁ የሥነ ልቦናና የአእምሮ ጤና ባለሙያ ወዳጆቼ። የሐሳቤ ጭማቂ ይህ ነው፦ የቴራፒስት ዌብሳይት የቅንጦት ወይም የንግድ ጌጥ አይደለም፤ የሕክምናው የመጀመሪያ በር ነው። በሩ የት እንዳለ ያልታየው ሰው አይገባም።

■ ሰው ባለሙያ የሚፈልገው መቼ ነው?

ጥርሱን ያመመው ሰው ቀን በቀን፣ በአደባባይ፣ «ጥሩ የጥርስ ሐኪም የት አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ጎረቤቱም፣ የባጃጅ ሾፌሩም ይጠቁመዋል። እንቅልፍ ያጣ፣ ያለምክንያት የሚያለቅስ፣ ወይም «መኖር ሰለቸኝ» የሚል ሐሳብ የሚመላለስበት ሰው ግን እንዲህ አይጠይቅም። ይሉኝታ አለ። «አበደ ይሉኛል» የሚል ፍርሃት አለ። ትዳር ያሰበ «ሰምተው ይተዉኛል» ብሎ ይሰጋል፣ ሥራ ያለው ስለ ሥራው ይሰጋል።

ስለዚህ የሚፈልገው ብቻውን፣ ማታ፣ ስልኩን ይዞ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ ነው። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ጉግል ላይ «ጭንቀት ሕክምና ጅማ» ብሎ ይጽፋል። ምን ያገኛል? ከአሜሪካና ከሕንድ የመጡ ጽሑፎች፣ ጥቂት የዩቲዩብ ቪዲዮዎች፣ «በሦስት ቀን ከጭንቀት እገላግላለሁ» የሚል የቲክቶክ ሰው። ሁለት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ያለው፣ የተማረውና ፈቃድ ያለው ባለሙያ ግን የለም። ኖሮ ሳለ የለም።

አገራችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ትላለች። እውነት ነው። እኔ ግን አንድ ልጨምርበት፦ መድኃኒቱም ራሱን ከደበቀ ያው ነው።

■ የአንድ ዓመት መንገድ

ይህ የኔ ግምት ብቻ አይደለም። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል በ384 ታካሚዎች ላይ የተሠራ፣ በ2011 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት አለ። ሰዎች ሕመሙ ከጀመራቸው አንስቶ ወደዚያ ክፍል እስኪደርሱ ድረስ የወሰደባቸው መካከለኛ ጊዜ 52 ሳምንት ገደማ ነበር። አንድ ሙሉ ዓመት ማለት ነው! ግማሽ ያህሉ ደግሞ ወደ ሆስፒታል ከመምጣታቸው በፊት የሃይማኖት ፈዋሽ ወይም የባህል መድኃኒት አዋቂ ዘንድ ሄደው ነበር።

ይህን ስል ጸበልን ወይም ዱዓን ለመንቀፍ አይደለም። እምነት ለብዙ ሰው ትልቅ ብርታት ነው፤ ጸሎትና ሕክምና ጎን ለጎን መሄድ ይችላሉ። ልብ እንድትሉልኝ የፈለግሁት ሌላ ነገር ነው። ጸበሉ የት እንዳለ ሁሉም ያውቃል። መቼ እንደሚኬድ፣ ምን ይዞ እንደሚኬድ፣ እዚያ ሲደርሱ ምን እንደሚደረግ ሁሉም ያውቃል። ስለ ቴራፒስት ቢሮስ? ማን ያውቃል? ሰው ወደሚያውቀው በር ይሄዳል።

መዘግየቱ ዋጋ አለው። ቶሎ የተያዘ ድባቴ (ዲፕሬሽን) በንግግር ሕክምና ብቻ ሊሻሻል ይችላል። ዓመት የቆየው ግን ሥራ አስፈትቶ፣ ትምህርት አቋርጦ፣ ትዳር አናግቶ፣ አንዳንዴም ከጫትና ከመጠጥ ጋር ተጠላልፎ ነው የሚመጣው። ከዚህም የከፋው መንገድ ላይ የቀረው ነው።

እኛ ጠቅላላ ሐኪሞች ዘንድ ሲመጡ ደግሞ ብዙ ጊዜ በሌላ ስም ነው የሚመጡት። «ጨጓራዬን ያቃጥለኛል»፣ «ልቤ ድንገት ይመታል፣ የምሞት ይመስለኛል»፣ «ራሴን ይወጥረኛል»፣ «ሰውነቴን ያቃጥለኛል» ይላሉ። ደም ይመረመራል፣ ኢሲጂ ይነሳል፣ አልትራሳውንድ ይታያል። «ውጤቱ ኖርማል ነው» ይባላል። ታካሚው ግን ኖርማል አይደለም፣ በእውነት ታሟል። ቁጭ ብላችሁ ስለ እንቅልፉ፣ ስለ ምግብ ፍላጎቱ፣ ስለ ሐዘኑ ስትጠይቁት ነው ነገሩ የሚወጣው። ከዚያ በኋላ «ባለሙያ ያናግርህ» እንላለን። በየትኛው በር?

■ ባለሙያው ድሮም ጥቂት ነው

ለምን እንዲህ ሆነ ካላችሁ ታሪኩን በአጭሩ ላንሳ። አዲስ አበባ የሚገኘው አማኑኤል ሆስፒታል ሥሩ ከጣልያን ወረራ ዘመን ይጀምራል፤ ለብዙ አሥርት ዓመታትም የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ቆይቷል። የሥነ አእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው በ2003 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ጀመረው። ከዚያ በፊት ሳይካትሪስት መሆን የፈለገ ሐኪም ውጭ አገር መሄድ ነበረበት።

የኛዋ ጅማ በዚህ በኩል ዕድለኛ ናት ማለት ይቻላል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ትምህርት ክፍል አለው፤ ከጀርመኑ የሙኒክ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበርም በአእምሮ ጤና ሙያ በማስተርስ ደረጃ ባለሙያዎችን ሲያወጣ ቆይቷል። የሥነ ልቦና ተመራቂዎችም በየዓመቱ ይወጣሉ። ከነዚህ ውስጥ ጥቂቶቹ ዛሬ የግል ቢሮ እየከፈቱ ነው። ሆኖም ከጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘው አዲስ አበባ ባለሙያ ፍለጋ የሚሄዱ ሰዎች አሉ። አንዳንዱ እዚህ ያለውን ስለማያውቅ ነው። አንዳንዱ ደግሞ እዚህ የሚያውቀው ሰው እንዳያየው ነው። ለሁለቱም መፍትሔው ከመረጃ ይጀምራል።

■ «ፌስቡክና ቴሌግራም አለኝ፣ አይበቃም?»

ይህ ከባለሙያ ወዳጆቼ የምሰማው የመጀመሪያ መልስ ነው። እኔም የምጽፈው እዚሁ ሶሻል ሚዲያ ላይ ስለሆነ ጥቅሙን አልክድም። ለማስተማር፣ ሰው ለመድረስ የሚያክለው የለም። ለቢሮ አድራሻነት ግን አይበቃም። ለምን?

1ኛ. ሶሻል ሚዲያ አደባባይ ነው። የቴራፒስት ገጽ ላይክ ያደረገን፣ ኮሜንት የጻፈን፣ ፎሎው ያደረገን ሰው ሌሎች ያዩታል። ጅማን በምታክል፣ ሰው ሁሉ በሚተዋወቅባት ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ዌብሳይት ግን ስም ሳትሰጡ ገብታችሁ፣ አንብባችሁ የምትወጡበት ነው።

2ኛ. ጽሑፉ ይወርዳል። ዛሬ ስለ ክፍያና ስለ ሰዓት የለጠፋችሁት ከሁለት ሳምንት በኋላ ከሠላሳ ፖስት ሥር ነው። የተጨነቀ ሰው ያን ያህል ቆፍሮ አይፈልግም።

3ኛ. ቤቱ የናንተ አይደለም። በየካቲት 2015 ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተገድበው ለአምስት ወር ገደማ ያለ ቪፒኤን እንደማይከፈቱ ሁላችንም እናስታውሳለን። በዚያ ጊዜ አድራሻው በፌስቡክ ብቻ የነበረ ባለሙያ ለብዙ ሰው ከከተማው የጠፋ ያህል ነበር። በዚህ ላይ አካውንት ይጠለፋል፤ በስማችሁና በፎቶአችሁ የውሸት ገጽ ይከፈታል። የራሳችሁ ዌብሳይት ካላችሁ ግን ሰው ማመሳከሪያ ይኖረዋል፦ «እውነተኛው ቁጥራቸው እዚያ ላይ ያለው ነው» ይላል።

4ኛ. ጉግል ሲፈለግ የሚወጣው በአብዛኛው ዌብሳይት ነው። በቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ያለ ጽሑፍ ሌሊት ጉግል ላይ ለሚፈልገው ሰው አይታይም።

■ ጥሩ የቴራፒስት ዌብሳይት ምን ይኑረው?

እንበልና ቦሳ ኪቶ አካባቢ ቢሮ ከፍታችኋል። ባለ አምስት ገጽ ቀላል ዌብሳይት ይበቃችኋል። ዋናው ማማሩ ሳይሆን የሰውን ጥያቄ መመለሱ ነው።

👉 ማን ናችሁ? ስም፣ ፎቶ፣ የት ተማራችሁ፣ ምን ፈቃድ አላችሁ። እዚህ ላይ ግልጽ ሁኑ። ሕዝባችን ሁሉንም «የአእምሮ ሐኪም» ነው የሚለው። ሳይካትሪስት ሕክምና ተምሮ በሥነ አእምሮ ስፔሻላይዝ ያደረገ፣ መድኃኒት የሚያዝ ሐኪም ነው። ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት በዋናነት በንግግር ሕክምና የሚሠራ ነው። በአእምሮ ጤና በማስተርስ ደረጃ የሠለጠነ ባለሙያ አለ፣ የሳይካትሪ ነርስ አለ፣ የምክር አገልግሎት ባለሙያ (ካውንስለር) አለ። እናንተ የትኛው ናችሁ? ያልሆናችሁትን አትጻፉ።

👉 ምን ላይ ትሠራላችሁ? ምን ላይስ አትሠሩም? «ሁሉንም የሥነ ልቦና ችግር» አይበል። «ጭንቀት፣ ድባቴ፣ የባልና ሚስት አለመግባባት፣ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድባቴ፣ ጫት ወይም መጠጥ ለመተው መቸገር» ብላችሁ ሰው በሚያውቀው ቃል ዘርዝሩ። ልጆችን የማታዩ ከሆነ ጻፉት። ከአቅማችሁ በላይ የሆነውን ወዴት እንደምትልኩም ጻፉት። «ይህን አልሠራም» የሚል ባለሙያ ይታመናል።

👉 በምን ቋንቋ? ይህ በኛ አካባቢ ትልቅ ነገር ነው። ሰው በሁለተኛ ቋንቋው ይገበያያል፣ ይማራል፣ ይሠራል። ሲያለቅስ ግን በእናቱ ቋንቋ ነው። ጅማ ውስጥ አፋን ኦሮሞ አለ፣ አማርኛ አለ፣ የምኛ፣ ዳውሮኛ፣ ከፍኛ የሚናገር አለ። ምን እንደምትናገሩ ጻፉ። ዌብሳይቱን ራሱን ቢያንስ በኦሮምኛና በአማርኛ አድርጉት።

👉 ክፍያውና ጊዜው። አንድ ቀጠሮ ስንት ደቂቃ ነው? ስንት ብር? በቴሌብር ይቻላል? ለተማሪ ቅናሽ አለ? ዋጋ መጻፍ ነውር የሚመስላቸው ባለሙያዎች አሉ። ነውሩ ግን ሰው ቢሮ ገብቶ፣ ልቡን ከፍቶ ከጨረሰ በኋላ ኪሱ እንደማይችል ሲያውቅ ነው። ዋጋ ከሌለ ደግሞ ሰው ከእውነተኛው አስበልጦ ይገምትና ይቀራል።

👉 ሰዓት። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጻፉት፦ «ከጠዋቱ 2:30 እስከ ማታ 1:00»። አንዳንድ የተዘጋጁ የቀጠሮ ሲስተሞች በፈረንጅ ሰዓት ስለሆኑ ሰው «3:00» የሚለውን አይቶ በጠዋት ይመጣል፣ እናንተ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ትጠብቁታላችሁ። ከአጋሮ፣ ከሊሙ ገነት፣ ከየቡ፣ ከሰቃ ለሚመጡ ሰዎችም አስቡ። በቡና ለቀማ ወቅት ማን የሥራ ቀን ትቶ ይመጣል? የቅዳሜ ሰዓት ወይም በስልክና በቪዲዮ የሚሰጥ አገልግሎት ካላችሁ በግልጽ አሳውቁ።

👉 ምስጢር። ከሁሉም በላይ የሚነበበው ክፍል ይህ ይሆናል። የሚነገራችሁ ነገር እንደሚጠበቅ፣ ማስታወሻችሁን ማን እንደሚያይ፣ እንዲሁም ገደቡን ጻፉ፦ ሰው ራሱን ወይም ሌላውን ለመጉዳት አደጋ ላይ ሲሆን ወይም ሕግ ሲያስገድድ ምን እንደምታደርጉ። በ2016 የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ (ቁጥር 1321/2016) የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚያስፈልጋቸው መረጃዎች ይመድበዋል። ስለዚህ ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሕግም ጉዳይ ነው።

👉 የመጀመሪያው ቀን ምን ይደረጋል? «ትገባላችሁ፣ ሻይ ወይም ውኃ ይቀርባል፣ ስለመጣችሁበት ጉዳይ እጠይቃለሁ፣ መመለስ የማትፈልጉትን አለመመለስ ትችላላችሁ፣ መጨረሻ ላይ አብረን ዕቅድ እናወጣለን» ብላችሁ በአራት መስመር ጻፉ። ብዙ ሰው የሚፈራው ሕክምናውን ሳይሆን የማያውቀውን ነገር ነው።

👉 መንገዱ። ካርታ አስገቡ። ካርታ ለማያነብ ሰው ደግሞ በሚታወቅ ምልክት አስረዱ፦ የትኛው ባንክ ፊት ለፊት፣ ስንተኛ ፎቅ። በሕንፃው ውስጥ ሌሎች ቢሮዎችም ካሉ ጻፉት፤ «የገባሁት ለምን እንደሆነ ማንም አያውቅም» የሚለው ሐሳብ ለአንዳንዱ ታካሚ ከሕክምናው እኩል ነው።

■ ስለ ፊደልና ስለ ስልክ ሁለት ትንንሽ ነገሮች

አንደኛ፣ ሰው የሚጽፈው እንደ መዝገበ ቃላት አይደለም። «ሥነ ልቦና»፣ «ስነ ልቦና»፣ «ስነልቦና»፣ «ሳይኮሎጂስት»፣ «ሳይኮሎጅስት» ሁሉም አንድ ነገር ፈላጊ ናቸው። «አእምሮ» እና «አዕምሮ»ም እንዲሁ። ሌላው ደግሞ አማርኛውን በላቲን ፊደል ይጽፋል። ዌብሳይታችሁ ላይ እነዚህን አጻጻፎች በተፈጥሯዊ መንገድ አስገቧቸው። ጉግል ሀ እና ሐን ሁልጊዜ እንደ አንድ ላያያቸው ይችላል።

ሁለተኛ፣ አብዛኛው ሰው የሚያየው በስልክ፣ በሞባይል ዳታ ነው። ከባድ ቪዲዮና የሚንቀሳቀስ ጌጥ ካበዛችሁ ገጹ ሳይከፈት የሰውየው ፓኬጅ ያልቃል። ጽሑፍ ይብዛ፣ ፎቶ ይነስ፣ የስልክ ቁጥሩ ሲነካ በቀጥታ የሚደውል ይሁን። አድራሻው በኤችቲቲፒኤስ የሚጀምር መሆኑን አረጋግጡ።

■ መኖር የሌለበት

✖ የታካሚ ምስክርነት። «እገሊት ድና እንዲህ አለች» የሚል ነገር ለሳሙና ማስታወቂያ ይሆናል፤ ለኛ ሙያ አይሆንም። ስሙ ቢቀየር እንኳ በትንሽ ከተማ ታሪኩ ይታወቃል። ታካሚ «እሺ» ቢላችሁስ? ሐኪሙን እምቢ ማለት ከብዶት ሊሆን ይችላል።

✖ «መቶ በመቶ እናድናለን»። ማንም እንዲህ ማለት አይችልም። የጤና ባለሙያ ራሱን ሲያስተዋውቅ የሙያው ሥነ ምግባር ገደብ አለበት። ማስታወቅ ሌላ፣ ማሻሻጥ ሌላ።

✖ ረጅም ፎርም። «ችግርዎን በዝርዝር ይጻፉ» አትበሉ። ያ ጽሑፍ የት እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚያነበው በደንብ ካልተጠበቀ አደጋ ነው። ሦስት ነገር ይበቃል፦ የምንጠራዎት ስም፣ ስልክ፣ እና «ስንት ሰዓት ብንደውል ይመችዎታል?» አራተኛ ካስፈለገ «ሌላ ሰው ቢያነሳው ማን ነኝ እንበል?» የምትለዋን ጨምሩ። ስልክ በጋራ በሚያዝበት ቤት፣ በተለይ ለሴቶች፣ ይህች ጥያቄ ብዙ ታድናለች።

■ ለባለሙያው ራሱ ምን ይጠቅመዋል?

እስካሁን ስለ ታካሚው አወራሁ። ቢሮ ኪራይ የምትከፍሉት ግን እናንተ ናችሁ፤ ስለ ጥቅማችሁም እናውራ።

ጊዜ ይቆጥብላችኋል። በቀን አሥር ጊዜ «ስንት ነው? የት ነው?» የሚለውን ስልክ ከምትመልሱ ዌብሳይቱ ይመልስላችሁ፤ እናንተ ሰው እያናገራችሁ ስልክ አይጩህ።

የሚመጣው ሰው አውቆ ይመጣል። ዋጋውን፣ ቋንቋውን፣ የምትሠሩበትን ጉዳይ አንብቦ የመጣ ሰው «ይሄ ለኔ አይደለም» ብሎ በመጀመሪያው ቀን የመቅረት ዕድሉ ያነሰ ነው። መድኃኒት ፈልጎ የመጣና መድኃኒት የማታዙ መሆኑን ቢሮ ውስጥ የሚያውቅ ሰውም ይቀንሳል።

ሪፈር ይመጣላችኋል። ይህን እንደ ጠቅላላ ሐኪም ነው የምናገረው። ተመላላሽ ክፍል ውስጥ ለአንድ ታካሚ ያለን ጊዜ ደቂቃዎች ናቸው። በር ላይ ሰው ተሰልፏል። በነዚያ ደቂቃዎች ውስጥ ቴራፒ ምን እንደሆነ፣ ማን ጋ እንደሚሄድ፣ ምን እንደሚጠብቀው ማስረዳት አይቻልም። ሊንክ ካላችሁ ግን ልኬለት «ቤትህ ሆነህ አንብበው» እለዋለሁ። ቤቱ ሄዶ ሁለት ጊዜ ያነበዋል፣ ለሚስቱ ያሳያታል፣ ሳይደናገጥ ይወስናል። የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርም፣ የመሥሪያ ቤት የሰው ኃይል ኃላፊም፣ ውጭ አገር ሆኖ ለታናሽ እህቱ ባለሙያ የሚፈልግ ወንድምም እንዲሁ ያደርጋል።

■ «ግን እኮ...»

«ራስን ማስተዋወቅ ነውር ነው» የሚሉ አሉ። በሙያችን ትሕትና መልካም ነው። ነገር ግን «እኔ ከሌላው እበልጣለሁ» ማለትና «እዚህ ነኝ፣ ይህን እሠራለሁ» ማለት አንድ አይደሉም። የቢሮ በር ላይ ታፔላ መስቀል ነውር ካልሆነ ይህም አይደለም።

«ወጪው ይከብዳል» ለሚለው፦ ባለ ጥቂት ገጽ ዌብሳይት ዛሬ አንድ የአይቲ ተመራቂ በአጭር ጊዜ የሚሠራው ነው። በየዓመቱ የሚከፈለውን የዶሜይንና የሆስቲንግ ክፍያ ቀድማችሁ ጠይቁ፣ ዶሜይኑም በሠሪው ሳይሆን በራሳችሁ ስም ይመዝገብ። ብቻችሁን ካልቻላችሁ ሦስት አራት ባለሙያዎች ተባብራችሁ አንድ የጋራ ዌብሳይት ክፈቱ።

«ሁሉም ሰው ኢንተርኔት የለውም» ለሚለው ደግሞ፣ ልክ ነው። የገጠሩ እናት ጉግል አታደርግም። ልጇ ግን ያደርጋል። ዌብሳይት የሰው ለሰው ምክርን፣ የጤና ኬላን፣ የሆስፒታልን ቦታ አይተካም። ለነሱ ሁሉ የሚያሳዩት ነገር ይሰጣቸዋል።

■ ባለሙያ ለምትፈልጉ አንባቢዎች

ጥሩ ዌብሳይት መኖሩ ብቻውን ጥሩ ባለሙያ ማለት አይደለም። ያማረ ገጽ ያለው አጭበርባሪም ይኖራል። ስለዚህ፦

1. የትምህርት ደረጃውንና የሙያ ፈቃዱን ጠይቁ። መጠየቅ መብታችሁ ነው፤ ጥሩ ባለሙያ አይከፋም። ከተጠራጠራችሁ የከተማውን ጤና ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። የኢትዮጵያ ሥነ ልቦና ባለሙያዎች ማኅበርም፣ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበርም አሉ።
2. «በእርግጠኝነት አድንሃለሁ» ከሚል፣ ሙሉ ክፍያ በቅድሚያ ከሚጠይቅ፣ የሌላ ታካሚ ታሪክ ከሚያወራላችሁ ሰው ራቁ። የሌላውን ያወራላችሁ የናንተንም ያወራል።
3. የመጀመሪያው ባለሙያ ካልተመቻችሁ ሕክምናው አይሠራም ማለት አይደለም። ሌላ ሞክሩ።
4. የግል ክፍያው ከከበዳችሁ ጅማ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና አገልግሎት አለ። በጤና ጣቢያም የሠለጠኑ ባለሙያዎች ሊኖሩ ይችላሉ፤ ጠይቁ።

መቼ ልሂድ ለምትሉ፦ የድብርት ስሜት ወይም ከዚህ በፊት ያስደስት የነበረ ነገር ሁሉ መሰልቸት ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ፣ እንቅልፍና ምግብ ከተዛባ፣ ሥራ ወይም ትምህርት ካቃተ ጊዜው ደርሷል። ዓመት አትጠብቁ።

ራስን የማጥፋት ሐሳብ ካለ ግን የቀጠሮ ጉዳይ አይደለም። ዌብሳይት አትፈልጉ፣ ቀጠሮ አትያዙ። ለምታምኑት ሰው አሁኑኑ ንገሩና በአቅራቢያችሁ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ለሌላ ሰው ከሆነ ብቻውን አትተዉት፤ አብራችሁት ሂዱ። ቴራፒስቶችም ይህን መልእክት በዌብሳይታችሁ አናት ላይ፣ በትልቁ አድርጉት።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2019 (እ.ኤ.አ.) በዓለም ላይ ከስምንት ሰዎች አንዱ ከአንድ ዓይነት የአእምሮ ሕመም ጋር ይኖር ነበር። በምትቀመጡበት ካፌ፣ በምትሳፈሩበት ሚኒባስ፣ ቡና በምትጠጡበት ቤት ያሉትን ሰዎች ቁጠሩ። ከነሱ አንዱ ዛሬ ማታ ስልኩን ያወጣና ይፈልጋል።

እንግዲህ የጅማ፣ የአጋሮ፣ የሊሙ ባለሙያዎች፦ ያ ሰው ሲፈልግ ያግኛችሁ።

የምታውቁት ቴራፒስት ካለ ይህን ጽሑፍ ላኩለት። ለሚያስፈልገው ሰው ደግሞ በግል አካፍሉት፤ ታግ አታድርጉት። 🙏